ግማሽ ጫካ፣ ግማሽ ከተማ

ዛህራ ከድሬ ጻፈች፦ «ዓርብ ከሰዓት በአውሮፕላን ልመጣ ነው፤
እሁድ ማታ እመለሳለሁ። መቼም ጅማን የምታውቂው
አንቺ ነሽ፦ ግማሹን ጫካ አድርጊልኝ፣ ግማሹን ከተማ፤
አደራ፣ አንዱ የአንዱን ሰዓት እንዳይቀማ።»

እኔ የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ መስኮት ሦስት የምቀመጥ፣
ሥራዬ ማመጣጠን ነው፤ ሲጎድል የምደነግጥ፣
ሲተርፍ ይበልጥ የምደነግጥ።
ከምሳ በኋላ ሰልፉ ጋብ ሲል፣ የተበላሸ የወጪ ቅጽ አነሣሁ፤
ገልብጬ ጀርባውን፣ መሐሉን በእርሳስ አሰመርኩ፤
በግራ «ዛፍ» ብዬ ጻፍኩ፤ በቀኝ «አስፋልት» አልኩ።

በግራ፦ በለጤ ደን። በሰቃ አልፎ፣ ወደ ሸቤ፤
ጉሬዛ አለ ይላሉ። ከዚህ ሌላ የለም በልቤ።
በቀኝ፦ ሙዚየሙ፤ መርካቶ፤ ፈረንጅ አራዳ ያለው ጁስ ቤት፣
አቮካዶው ከመወፈሩ ማንኪያ የሚቆምበት።

«ቦዬስ?» አለኝ ሙዘይን፣ ጥበቃችን፣ በትከሻዬ አሻግሮ አይቶ፤
«ጉማሬ አለ እኮ ኩሬው ውስጥ፤ ማለዳ ጆሮውን አውጥቶ
የአዲስ አበባን መኪና ያዳምጣል።»
ጉማሬ ነው፤ በግራ ጻፍኩት። «በባጃጅ እኮ ይደረሳል፣
ሻይ ሳይቀዘቅዝ!» ሰረዝኩ። ወደ ቀኝ አዛወርኩ።
ከጁስ ቤቱ ጎን ጉማሬ ተኝቶ ሳይ፣ ብቻዬን ሳቅኩ።

የጅሬን ቤተ መንግሥትስ? ታሪክ ነው፤ የከተማ ሀብት።
ግን እንጨቱን ያዩ ሁሉ «ጫካ ነው» ይላሉ፣ «የቆመ እንደ ቤት»፤
ደግሞ ኮረብታው! ነፋሱ! የት ልመዝግበው?
ሐሙስ ገበያው እንኳ አልፏታል፤ ይኸኛው ግልግል ነው።
ማሩ ሱቅ ነው የሚሸጠው፤ ንቡ ግን አልወረደም ከተማ።
ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው በርጩማ
ሲቀመጡበት ዕቃ ነው፤ ሲያሸቱት ገና ዛፍ።
አዌቱን፣ ወንዝ ነው ብዬ፣ በግራ እንዳልጽፍ፣
ፌስታል ተሸክሞ ነው በሱቆች ሥር የሚያልፍ፤
በቀኝ እንዳልጽፈው ደግሞ፣ ሌሊት ዝናብ ሲጥል
አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ያገሣል፣ አውሬ ይመስል።

ዐሥር ሰዓት ሆነ፤ መስኮቱ ተዘጋ፤
የካዝናው ሂሳብ በሳንቲም ልክ ሆኖ ተዘጋ፤
የወረቀቴ ግን እንቢ አለኝ።

«መቼም ጅማን የምታውቂው» ትላለች ዛህራ።
እሺ፣ እውነቱን ልመዝግብ፦ ዐሥራ ሰባት ዓመት
ከቆጪ እስከ ባንኩ፣ ከባንኩ እስከ ቤት።
በለጤን አላየሁም። ጅሬን አንዴ፣ ለለቅሶ፣ በጨለማ ደርሼ ተመለስኩ።
ቦዬን በአውቶቡስ መስኮት፣ ወደ ሥልጠና ስሄድ፣
እንቅልፍ ወስዶኝ አለፍኩ።

ማታ ተማም ዘንድ ደወልኩ። «ለቦዬ የኔዋ ባጃጅ ትበቃለች» አለ፤
«ለበለጤ ግን አትሆንም፤ ጥቅምት ቢገባም፣ ያው ጅማ አይደለ?
ዝናቡ ቀጠሮ አያውቅም። የወንድሜን መኪና ላምጣ።
ስንት ሰው ነው?»

                    «አንድ» ልል፣ ቃሉ ጥርሴ ጋ ሲመጣ፣
አውራ ጣቴ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ የመሐሉን መስመር እያሸ፤
እርሳስ ነው፣ ቶሎ ለቀቀ፤ ዛፉም አስፋልቱም ጠቆረ፣ ቆሸሸ።
«ሁለት» አልኩት።

ከዚያ ለዛህራ ጻፍኩ፦ «ዕቅዱ ደርሷል፤ ሚዛኑን ግን አትጠይቂኝ።
ዣንጥላ ያዢ። ጭቃ የሚችል ጫማም።
ደግሞ ከታይዋን ገበያ፣ ረከስ ያለ ካገኘሽ፣ ለኔም
አንድ ጥንድ ግዢልኝ፤
ቁጥሬ ሠላሳ ሰባት ነው።
የጫካ ጫማ የለኝም።»