ቋጠሮ

ህዳር ሊያልቅ ሲል ነው፣ ከወረኢሉ ገበያ፣
በሁለት ጠቦት ለውጬ ቡላን ያመጣሁት።
ሻጩ ዓይኔን አላየም፤
ገመዱን አቀብሎኝ ሰው መሀል ገባ፣
እኔም አልጠየቅሁት።

ሁለት ዓመት አልሞላው። እናቱ ጋሪ ስትጎትት
ደሴ ዳገት ላይ ቀረች ይላሉ።
ጎኑን በመዳፌ ብዳብሰው
አጥንቶቹ አንድ ባንድ ይቆጠራሉ።
ሆዱ ብቻ ተነፍቶ፣ ጠጉሩ ደርቆ ቆሟል፤
ሰነፍ አጫጅ እንደገባበት ማሳ
እዚህ ቀርቷል፣ እዚያ ረግፏል።

ጉጉፍቱ ስንደርስ መሽቷል።
የጉጉፍቱን ብርድ ያላደረበት አያውቀውም፤
ሌሊት ጭቃው ድንጋይ ይሆናል፣
ጠዋት ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፣
የገንዳው ውሃ ቆዳ ያወጣል።

ዘምዘም ኩራዙን ከፍ አድርጋ አየችው።
"ፈረስ ልግዛ ብለህ ጥላውን ይዘህ መጣህ?"
ገባች። ወጣች። የገዛ ባናዋን
ጀርባው ላይ ጣለችው።
"እስኪነጋ ነው" አለች፤
ስንት ጊዜ ነጋ፣ መልሳ አልወሰደችው።

እኔ ግን ቸኮልኩ። ገብስ በቁና ሙሉ
ፊቱ ላይ ዘረገፍኩ።
ጎረቤቴ አያ እብሬ በዚያ እድሜው አጥር ዘሎ
ቁናዬን ነጠቀኝ።
"ልትገድለው ነው?" አለ። "የራበው ሆድ እኮ
ተዘግቶ የከረመ ቤት ነው፤
ቀስ ብለህ ታንኳኳለህ እንጂ
በርግደህ አትገባም።
በሰባ ሰባት፣ መጠለያው በር ላይ፣
ታናሼ የሰጡትን ሁሉ በላ።
ልጁን ርሀብ አልገደለውም።"
ዝም አለ።
ከዚያ ከቁናው በእፍኙ ዘግኖ
ለቡላ አቀረበለት፣
ዱዓ እንደሚያደርግ ሰው መዳፉን ዘርግቶ።

መጀመሪያ ድርቆሽ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ጥቂት በጥቂት፤
ለብ ያለ ውሃ፣ የሚልሰው አሞሌ።
በሳምንቱ ከእንስሳት ጤና ኬላ አንድ ወጣት መጥቶ
ጥርሱን አይቶ፣ የትል መድኃኒት አጠጣው።
በሦስተኛው ቀን የወጣውን አልናገርም።
ዘምዘም ብቻ አፍንጫዋን ይዛ
"ለካ ስንት ሆነው ነው የሚበሉት!" አለች።
ከዚያ በኋላ ነው ገብሱ፣ ሲነከር ያደረ፤
ተልባው፣ እስኪያሟልጭ የተቀቀለ፤
ፉርሽካው፣ ከወፍጮ ቤት በዱቤ የመጣ።

መንደሩ ያያል። "ሰው ዘሩን ይቆጥባል፣
እሱ ለፈረስ ይቀቅላል" ይላል።
እውነት ነው፤ የበልጉ ዘር እዚያው ጎተራ ነበር።
ሌሊት ተኝቼ ሁለት ነገር እቆጥራለሁ፣
የጎተራዬን ጥልቀት፣ የቡላን የጎን አጥንት።
አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላል ብዬ ነበር፤
አንዱ ጎደለ።
ሌላው ታህሳስን ሙሉ እንደነበረ ነበረ።

"ወፈረ መሰለኝ" አልኩት አያ እብሬን አንድ ቀን።
የቃጫ ገመድ አመጣ።
"ዓይንህ የወደደውን ያወፍራል፤
ገመድ ግን ዘመድ የለው" ብሎ
ከፊት እግሩ ኋላ፣ በደረቱ ዙሪያ አጥብቆ
የገጠመበትን ቋጠረ።
በየዓርቡ ከጁምዓ መልስ እንለካለን።
አንድ ዓርብ፣ ቋጠሮው እዚያው።
ሌላ ዓርብ፣ እዚያው።
በሦስተኛው ልለካ አልወጣሁም፤
ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ቤት ውስጥ ስንጣጣ ዋልኩ።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለከተራ ሲወርዱ
አያ እብሬ ከጓሮ ጠራኝ።
ገመዱ ቡላን ዞሮት፣ ጫፉ ቋጠሮው ጋ አልደረሰም።
"ድገመው" አልኩ። ደገመው። አልደረሰም።
በመሀል አንድ ጣት ቦታ አለ፣
ሽማግሌው ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ፣
ብዙ ጊዜም አላነሳው።

በልጉ ዘንቧል። ከሦስት ማሳ ሁለቱን ዘራሁ፤
ለሦስተኛው ዘር አልበቃኝም።
ቡላ እዚያ ይንከባለላል፣ ተነስቶ ይራገፋል፣
ጭቃው እኔ ላይ ይደርሳል።
ዘምዘም ባናዋን ሦስቴ አጠበችው፤
"ይሄ የፈረስ ሽታ አይለቅም" ትላለች
ማታ ትከሻዋ ላይ እየጣለችው።