የተጣበቁ መስመሮች

ጎንደር፣ መሬት ቢሮ፣ ከመዝገቡ ጓዳ
አሮጌ ካርታ ወጣ፣ ጠርዙ የተጎዳ።
ሦስት ጥጉን ያዝነው፣ ማኅተም፣ ቁልፍ፣ ድንጋይ፤
ለአራተኛው ጠፍቶ፣ የኔው ብርጭቆ ሻይ።

ለወሰን ክርክር ምስክር ተብሎ
አያ እንየው መጣ፣
የሙጪትን ትከሻ በመዳፉ ተከትሎ።
ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ስሙ ብቻ ቀርቷል።

«እኔ ነኝ» አለ፣ «ያኔ፣ ቀይና ነጭ ዘንግ ይዤ፣
‹ቁም!› ሲሉኝ የቆምኩት፣ በውርጭ ደንዝዤ።
ሰውዬው በመነጽር ከማዶ ያየኛል፣
ጎንበስ ይልና በእርሳስ ቁጥር ያደርገኛል።»

ጣቱን ይዤ መራሁት፣ ወደ ሸለቆው ሆድ።
«ይሄ ወንዙ ነው» አልኩት።
«ተው እንጂ ልጄ፣ ቀስ በል፤
ሁለት ቀን የሚያስኬደውን
በጥፍርህ ትሻገረዋለህ?»

ከወንዙ በላይ መስመሮቹ ተቀራረቡ፤
ተጣበቁ፣
እንደ ታጠበ ፀጉር አንድ ላይ ተኙ።
እጄ ዝም ሲል ጊዜ
«ገደሉ ነው?» አለኝ።
«በቅሏችንን ቡላን እዚህ ጋ ነው ያጣናት፤
የመነጽሩን እግር እንደ ተጫነች ሄደች።
እነሱ ለመነጽሩ ሦስት ቀን አዘኑ።
ለሷ ያለቀስኩ እኔ ነኝ፤ ያውም ሲመሽ፣ ተደብቄ።
ተጽፏል?»

ፈለግሁ።
2847 ይላል። አጠገቡ አንዲት ጥቁር ነጥብ።
«ተጽፏል» አልኩት።

ምንጩ የማን እንደሆነ ካርታው አልመሰከረም።
ሲወጡ ብርጭቆዬን አነሳሁ፤
ከበታቹ ክብ ቀርቷል፣
ማንም ያልለካው፣ ቡናማ ሐይቅ።
የዛሬ ሃምሳ ዓመት
በሱም የሚካሰስ አይጠፋም።