ጥርስ ምን አገባው

ቼሉቫ ነጭ ወዶ፣ ሩዝ ሩዙን ሲያሳድድ፣
ዳጉሳን ሲሸሸው እንደ ድሃ ዘመድ፣
ስኳር ገባ ከደሙ።
የቱምኩር ሐኪሙ
መድኃኒቱን ጽፎ ወረቀት ሰጠና፣
ኒንጋማ ስታየው ዳጉሳ ሆነና፣
ሳቋ አመለጣት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ
«የወፍ እህል» ብሎ ሲያላግጥባት ኖሮ፣
ከዚያው ከጉድጓዱ፣ ከቤታቸው ጓሮ፣
ነቀዝ የማይደፍረው፣
ዝናብ በቀረ ዓመት መንደር ያሳደረው፣
ያው ቀዩ ፍሬ ዛሬ በማኅተም መጣ።

ዱቄቱን በፍል ውኃ፣ በእንጨት አገላብጣ፣
በራሰ መዳፏ
ድብልብል አድርጋ ከሳህን አስቀምጣ፣
«አታኝክ» አለችው፣ «ጥርስ ምን አገባው!
በምስር ሾርባ ነክረህ፣ ዝም ብለህ ዋጠው።»

ቼሉቫ አቀርቅሮ
ሁለት ነገር ዋጠ።
አንደኛው ዳጉሳ ነው።