አስመሳይ

ሸምሱ አባ ፊጣ፣ በዝናብ መሃል መጣ፣
ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ አንድ ካሴት አወጣ።
ሂርማታ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ሐምሌ ጣራዬን ሲቀጠቅጠው፣
ጠረጴዛዬ ላይ እንደ እንቁላል አስቀመጠው።
«ኮምፒውተር ናት» አለኝ።
ሳቅሁ።
«ማሽኗማ ሞታለች፤
የጅማ እርጥበት በልቷት እንደ ቅጠል ረግፋለች፤
የጎማ ቁልፎቿን አይጥ ለልጆቿ አንጥፋለች።
ነፍሷ ግን ምናልባት እዚህ ክር ላይ አለች።»

በሰባ ስምንት ግድም፣ የቴክኒክ መምህር ሳለ፣
ወደ አገሩ የሚመለስ መሐንዲስ «ውሰዳት» አለ።
የጎረቤት ቴሌቪዥን ላይ እየሰካት ማታ ማታ፣
በአርባ ስምንት ኪሎባይት፣ ለአንድ ፎቶ በማይበቃ ቦታ፣
የማባዛት ፈተና ጻፈ ለሰፈሩ ልጆች፤
ያን ክረምት ጭር አሉ የመንደራ ደጆች።

በላፕቶፕ ላይ እሷን ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም አለኝ፤
ስሙን በአማርኛ ልንገረው ብል ግን ቃሉ ቸገረኝ፦
አስመሳይ።
ሰው ላይ ሲለጠፍ ስድብ ነው፣ ከሸንጎ ያስነሣል፤
ማሽን ላይ ሲሆን ሙያ ነው፣
ሙት ያስነሣል።
ሸምሱ ሰምቶ ሣቀ፤ «አውቀዋለሁ፣ አስመሳይ፤
ቀበሌው ሞልቶልሃል፣ እስቲ ያንተን ደግሞ እንይ።»

መጀመሪያ፣ ስትነቃ የምታስባትን ሐሳብ ትሰጠዋለህ፣
አሥራ ስድስት ኪሎባይት፤ ከዚያ ቁልፍ ከቁልፍ ታጋባለህ፤
ከቴፑ ጆሮ ወደ ላፕቶፑ ሽቦ ትዘረጋለህ።
ድምጹ ከበዛ ይጮኽበታል፣ ካነሰ አይሰማም፤
ሦስቴ «ስህተት» ብሎ መለሰን፤ ሰው እንኳ እንዲህ አይቀየምም።
በአራተኛው፣ በቀጭን ካቻቢቴ፣ የቴፑን ጭንቅላት
የጤፍ ፍሬ ታህል አዞርኳት።

«ጫን» ለማለት ፊደል በፊደል ብጽፍ፣ ብሰርዝ፣ ብጽፍ፣
ሌላ ሌላ ቃል ትተፋለች እንደ አዌቱ ጎርፍ።
ሸምሱ መነጽር አላደረገም። እጁን ሰደደ፤
ጣቱ «ጄ» ላይ ወረደ።
አንድ ፊደል፤ ሙሉ ትእዛዙ ተጻፈ፤
ሠላሳ ስምንት ክረምት እዚያች ጣት ላይ ያረፈ።

ፉጨት።
ከዚያ ሽርርር፤ ካሴቱ ይሁን ዝናቡ አልለየሁም።
የስክሪኑ ዳር በቢጫና በሰማያዊ ሲንቀጠቀጥ
መብራት ጥርግ።
«አለቀ!» ብሎ ዘለለ ሸምሱ፣ «እንደገና ሊጀመር!»
«ኧረ ጋሼ፣ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ቴፑም በድንጋይ ነው የሚዞር።»
«ታዲያ ላፍጥነው? መቶ እጥፍ ይሮጣል።»
«ተው፤ በራሷ እግር ትምጣ።»
እንደ ጎረምሳ፣ አያቱን ደግፎ ገበያ እንደሚወስድ፣
ላፕቶፑ እያዛጋ
አምስት ደቂቃ ሙሉ የሽማግሌ እርምጃ ሄደ።

ሰባት ሲባዛ በስምንት?
ሃምሳ ስድስት፣ ብዬ ጻፍኩ።
በላቲን ፊደል፣ በአማርኛ፦ ተሳስተሃል። ሃምሳ አራት።

መልሶቹን በእጁ ነበር አንድ በአንድ የጻፋቸው።
በጨለማው ውስጥ ፊቱን ስክሪኑ ብቻ ያበራዋል።
«ዘምዘም የምትባል ልጅ ነበረች» አለ፣ ቆይቶ፣
«ሃምሳ ስድስት ነው ብላ ድርቅ አለችብኝ።
ማሽን አይሳሳትም ብዬ
ከሰልፉ አስወጣኋት።»
«ላርመው? አንድ መስመር ነው።»
«አትንካው።»

አስመሳዩ፣ ያን ሁሉ ሲያስመስል፣
ይቺን አልሸፈነለትም።

ስልኩን አወጣ። አጋሮ ደወለ።
«ዘምዘም? ሸምሱ ነኝ… የኮምፒውተሩ።
አይ፣ ደህና ነኝ። ስሚ፣
ሃምሳ ስድስት ነው።»

የመለሰችለትን
ጣራው አላሰማኝም።