የፓምፕ ቤቱ ሰው

አርባ ዓመት ጠበቀ፣ በፍሪስላንድ ሜዳ፣
ምድሩ ከባሕር ላይ የተወሰደ ዕዳ፤
ሌት ተቀን ካልገፉት ውኃው ይመለሳል፣
ወለድና ዋናውን በጨለማ ያስሳል።
ሲብረን በእንቅልፉም ይለያል የሞተር ሳል፣
ቦዩ ጣት ታህል ከፍ ቢል፣ ቀድሞት ይነሣል።

ሁሉን ልብ ያለ ሰው፣ ልቡን ልብ አላለም፤
"እርጅና ነው" አለን፣ "ሌላ ነገር የለም።"
ካልሲው በእግሩ ላይ ቀለበት ሲያስቀር፣
በጣቱ የጫነው ጎድጉዶ ሲያድር፣
ጫማ ሰፊውን ነው ሲረግም የነበር።

የግድቡ ደረጃ ሃያ ሰባት ነው፤
እኔ ረዳቱ፣ ከኋላ ስከተለው፣
ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤
"ጀልባ ልይ" ይላል።
መከሩን በሙሉ አብሬው ቆሜ አየሁ
ባዶውን ቦይ። ጀልባ አላየሁ።

አንድ ትራስ ነበረው፤ ሁለት ሆነ፤ ሦስት።
ጥር ላይ፣ በውድቅት፣
የልትየ ስትነቃ አጣችው ካልጋው፤
መስኮት ከፍቶ ቆሟል፣ አየር የጠማው፣
በዚያ ብርድ፣ በሸሚዝ።

ሌውዋርደን ወሰድነው።
በስክሪን አየነው የልቡን ጓዳ ጥላ፣
ተለጥጦ የሰፋ፣ ግፊቱ የላላ።
ሐኪሟ ፌና አለች፦ "ከሞላው ደም ሁሉ
ሠላሳ ነው ከመቶ የሚገፋው ኃይሉ።
የቀረው ይቆማል፣ ከኋላ ይከማቻል፤
ሳንባ ላይ ይወጣል፣ እግር ላይ ይተኛል።"
"ሊቆም ነው?" የልትየ፣ ከንፈሯ እየራደ።
"አልቆመም። ደከመ።"
ሲብረን ራሱን ነቀነቀ፤ ይህን ቋንቋ ለመደ።

"ደረጃው አራት ነው፤ አንደኛው አይሰማ፤
ሁለተኛው ዳገት ላይ፤ ሦስተኛው ጫማ
ስታስር እንኳ ነው። አራተኛው..." አለች፣
እስክሪብቶዋን ከደነች።
"እኔስ?" "ሦስት።" "ዘጠኝ ነኝ" አለ፣ እኔን እያየ።
"ይድናል?" አልኳት።
"ይጠበቃል።"

ውኃ የሚያሸናው፣ ምቱን የሚያረጋው፣
የደም ሥር የሚያላላው፣ ሌላም ስሙ የጠፋው፣
አራት ኪኒን ይዞ ገባ። ጨው ተከለከለ፤
በጨው የታሸ ዓሣ በሩቁ "ደኅና ሁን" ተባለ።
ማለዳ ሳይበላ ሚዛን ላይ ይወጣል፤
ሁለት ኪሎ በሦስት ቀን ከጨመረ ለፌና ይደውላል።
ቁጥሩን የሚጽፈው በአሮጌው መዝገብ ነው፣
የቦዩን ከፍታ ሲሞላበት በኖረው።

አሁን እኔ ነኝ በፓምፑ ቤት ያለሁ።
ጠዋት አንድ ሰዓት ስልኩን አነሣለሁ፤
"ስንት ነው?" ይለኛል። የቦዩን እነግረዋለሁ።
"አንተስ?" እለዋለሁ።
"ሰማንያ አንድ ነጥብ አራት" ይላል፤ ትንሽ ያርፋል።
ትንፋሹን እቆጥራለሁ።
ከበስተጀርባዬ ሞተሩ ይገፋል።