ያልተገኘችው ለውዝ

ፀሐይ በኅዳር ወር ፊቷን አዙራለች፣
ጥር እስኪብት ድረስ አልመጣም ብላለች።
በሴንያ ደሴት ላይ፣ ከባሕሩ ጥግ፣
ቀትርም እንደ ማታ መብራት የሚፈልግ፣
ቱርላይፍ የሚሉት ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣
የአንድ ወንበር ጌታ፣ የአንድ ማንኪያ ወዳጅ፣
በገና ዋዜማ ወተቱን ጣደና
ሩዝ ጨምሮ ያማስል ጀመር፣ በዝግታ፣ በጽሞና።

የአገሩ ወግ ነው፣ እንዲህ ነው ሥርዓቱ፦
አንዲት ፍሬ ለውዝ ትገባለች ከወተቱ፤
(ኦቾሎኒ አይደለም፤ የአሮን በትር ያፈራው ነው፣ የጥንቱ።)
የደረሰችው ሰው ቶሎ አይናገርም፣
በጉንጩ ሸሽጎ ይበላል ዝም ዝም፣
ሌላው ሳህን ጭሮ ተስፋው እስኪያልቅበት።
ከዚያ ያወጣታል፤ ሳቅ ይሞላል በቤት።
ሽልማቱም ደግሞ (እኔን ያሳቀኝ ጉዳይ)
ከለውዝ ሊጥ የተሠራ አሳማ ነው፣ ሮዝ፣ ጣት የሚያህል ሲታይ።

ጉድላውግ ሚስቱ ታጭበረብር ነበር፤
ለውዟን ከጭልፋው ሥር ደብቃ ስታዞር
አርባ ሁለት ገና አሸንፎ ኖረ፣
«ዕድለኛ ነኝ!» እያለ ደረቱን ነፍቶ እየፎከረ።

ከቀበራት ወዲህ አራት ገና ሄደ።
አራቱንም ጊዜ ገንፎውን ጣደ፤
አንድ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ለውዝ፣ አንድ ሰው፤
ማን ይቀማዋል? ድሉ የእርሱ ነው።
አራቱንም ጊዜ አገኛት በምላሱ፣
አሳማውን ገዝቶ ሸለመ ለራሱ።
ድል መራራ ኖሯል ተሸናፊ ሲያጣ፤
ጉንጭ ለማን ይሸሽግ? ሳቅስ ከየት ይምጣ?

ዘንድሮም ለውዟን ጣላት ከገንፎው።
ለምን ብሎ ራሱን አልጠየቀም፤ ለምዶ ነው።

ያን ጊዜ በውጭ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ፤
በረዶ ጠራጊ መኪና ቦይ ገብቶ አገሳ፣
አገሳ፣ አገሳ፣
ዝም አለ።

ሾፌሩ ጊንታራስ፣ የሊቱዌኒያ ልጅ፣
የሰው መንገድ አቅኚ፣ ራሱ የቀረ በሰው አገር ደጅ።
ጎታች እስኪደርስ ድረስ ሁለት ሰዓት አለ፤
ሽማግሌው «ግባ» ቢለው፣ «መኪናዬን ትቼ አልችልም» አለ።

ቱርላይፍ ተመልሶ ከምድጃው አጠገብ ቆየ።
(አልጸለየም። ሰማይ አልተከፈተ፣ መልአክም አልታየ።)
ሁለተኛ ሳህን ከቁም ሣጥን ፈለገ፣
የእርሷን። አቧራውን በእጅጌው ጠረገ።
ቀረፋ ነሰነሰ፤ መሀሉን ጎድጉዶ
የቅቤ ዓይን ሠራ፤ ወጣ በዚያ በረዶ።

በመኪናው መስኮት ሳህኑን አቀበለ፤
ልጁ በሁለት እጁ ተቀብሎ አንድ ነገር አለ፣
በራሱ ቋንቋ ይሆናል፤ ነፋሱ ወሰደው።
የገንፎው እንፋሎት መስታወቱን ጋረደው።

ቤቱ ገባ። ከጫማው በረዶ አራገፈ።
ተቀመጠ፤ በላ፤ በዝግታ ጨለፈ።
ግማሽ ደረሰ፤ የለችም። ጠረገ ዳር ዳሩን፤
የለችም። ጭሮ ጭሮ አየው ነጩን ግርጌውን።
ድስቱን ዘቀዘቀ፣ ጭልፋውን ላሰ፣
በጥርሶቹ መሀል በምላሱ ዳሰሰ።
የለችም!

ማንኪያውን አስቀመጠ።
ተሸነፈ።
ለመሸነፍ እኮ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤
ብቻውን የሚበላ ሰው ማን ያሸንፈዋል?
ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያም በሆዱ፣
ወንበሩ እስኪንቋቋ፣ እስኪላቀቅ ገመዱ።

በመኪናው ውስጥ ግን ጊንታራስ ደነገጠ፤
ጠጣር ነገር ነክሶ፣ ጥርሴ ወለቀ ብሎ በመብራት አፈጠጠ፣
ቆጠረ፣ ሁሉም አሉ። መዳፉ ላይ ያለችው
ነጭ፣ ለስላሳ ፍሬ ምን እንደሆነች አላወቀው።

እኔም በልጅነቴ ስለ አንድ በትር ሰምቻለሁ፤
ሥር የለው፣ ውሃ የለው፣ በአንድ ሌሊት ለውዝ አፈራ ሲሉ አድምጫለሁ።
እንዴት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፣
ዛሬም አልገባኝም።

ሽማግሌው ካፖርት ደርቦ ወደ ጨለማው ተመለሰ።
አንኳኳ በመስታወቱ። በሩ ተከፈተ፤ በረዶ ፈሰሰ።
አንዱ በመዳፉ ለውዝ፣ አንዱ በጓንቱ አሳማ፣
ተያዩ በዚያች በመኪና መብራት፣ በዚያ ሁሉ ጨለማ።