የጎን ወንበር

ከሆላንድ ነው የመጣው፤ ዮሪስ ነው አሉኝ ስሙን፤
በራፌ ላይ አቆመው ያንን ቀይ ጋርቢኖውን።
በእጁ ጓንት አጥልቆ፣ እንደ አራስ ልጅ ሲዳስሰው፣
«ኒቬስ እርስዎ ነዎት?» አለኝ፤ «መዝገብ ያዥዋ ሰው?»

እኔ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በታሪዮሊ ፋብሪካ፣
አንድ መኪና አልነዳሁም፤ ብዕሬ ግን ሁሉን ነካ።
የሴኪያ ወንዝ ጭጋግ መስኮቴን ሲጋርደው፣
የትኛው እንደ ወጣ በድምፁ ነው የምፈርደው።

ካታሎግ ከቦርሳው አወጣ፤ አነበበልኝ ቆሞ፦
«ጋርቢኖ፤ የነፋስ ስም ነው፤ ሞቃት፣ የማያውቅ ደክሞ።»
ሳቄን ዋጥሁት። ነፋሱስ አለ፤ ይነፍሳል በየዓመቱ፤
ግን ጋርቢኖ በቅሎ ነበር፣ የታሪዮሊ የአባቱ፤
በርግጫ በር የሚገነጥል፣ ግትርነቱ የበዛው፣
ዳቦ ጋጋሪው በገንዘብ ገዝቶ፣ በልጓም ግን ያልገዛው።

«‹ኤስ› ማለት ‹ስፖርት› ነው» አለ፤ እንዲያ ነው የታተመው።
ለኛ ግን «ሰኮንዶ» ነበር፤ ያ ወገቡን የታመመው፣
የሲሊንደሩን ራስ ሌሊት ሌሊት የሞረደው፣
አሥራ አንድ የፈረስ ጉልበት ከብረት ውስጥ ያዋለደው።
የደመወዝ ጭማሪ ቢጠይቅ፣ አንድ ፊደል ሰጡት።

ከዚያ ወደ ተጨማሪ ዕቃው። ዝርዝሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፦
ሰባት፣ የቆዳ መቀመጫ።
አሥራ አንድ፣ የእንጨት መሪ።
ሃያ ሁለት፣ የሽቦ ቸርኬ፤ ሲያጥቡት ጣት የሚቆርጥ።
ሠላሳ አንድ፣ ማሞቂያ፤
በዚያ ብርድ አገር፣ ማሞቂያ ለብቻው ይከፈልበታል!
ሠላሳ ስምንት፣ ሬዲዮ፤ ሞተሩ ከተነሣ የማይሰማ።

«መቶ አሥራ ሰባት» አለ፤ «ቀይ ነው ከመወለዱ፤
ሁለቱም ወንበር የራሱ ነው፤ ይፈርሙልኝ በሰነዱ።»

መዝገቡን ገለጥሁ። የእጄ ጽሑፍ ነው፤ ያኔ ጣቴ አይንቀጠቀጥም።

ሻንሲ መቶ አሥራ ሰባት። ጋርቢኖ ኤስ። ኅዳር 1959።
ቀለም፣ የወይራ አረንጓዴ።
ገዢ፣ ሲኞራ ኤርሲሊያ፣ ከፓርማ።
ማሞቂያ፣ አዎ። ሬዲዮ፣ የለም።
የጎን ወንበር፣ አያስፈልግም።
ከሥሩ ኢንጂነሩ በቀይ እርሳስ፦ «ዋጋ አይቀነስ።»

ትዝ አለችኝ። ካፖርቷን ሳታወልቅ ነበር የተቀመጠች፤
በአንድ ጣቷ ሁለት ቀለበት፣ አንደኛውን በክር አጥብባ ያሰረች።
ሻጩ «ለውድድር ነው?» አላት።
«ክብደት ለመቀነስ» አለች።

ገጾቹን ገለበጥሁ። ሌላ መስመር፦
መጋቢት 1962። ለመቶ አሥራ ሰባት፣ አንድ የጎን ወንበር፤
በባቡር ወደ ፓርማ። ከክምችት ክፍል፤ ቁጥሩ የሌላ መኪና። ተከፍሏል።
ማን ሊቀመጥበት እንደሆነ አልጻፍሁም፤
ለሱ የሚሆን ዓምድ አልነበረንም።

ዝም አለ ዮሪስ። በዓይኑ ሲደምር፣ ሲቀንስ አየሁት፣
ስንት ሺህ ዩሮ ከቀለሙ፣ ስንት ከወንበሩ እንደ ሄደበት።
«አንዷን መስመር ቢዘሏትስ?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ዓይኑን የሚያሳርፍበት የግድግዳ ስንጥቅ ፈልጎ።

አንድ ጊዜ ዘልያለሁ፤ የሰኮንዶን ወገብ አልመዘገብሁም።
ይበቃኛል። ሁሉንም ጻፍሁ፤ አረንጓዴውንም፣ ባዶውንም።

ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። ደጅ ላይ ግን ዞር አለ፤
የጎኑን በር ከፈተልኝ። «ገብተው ያውቃሉ?» አለ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት! ማን አስገብቶኝ?

ሞተሩን አስነሣ። እኔ ቁጥሩ የሌላ በሆነው ወንበር ላይ ቀስ ብዬ ተቀመጥሁ፤
ወደ ፊት ልስበው ብዬ፣ መያዣውን ከሥሩ ፈለግሁ፤
አልንቀሳቀስ አለኝ።
ሐዲዱ በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ዝጎ ቀርቷል።
እግረ ረጅም ሰው ኖሯል።

የኔ ጫማ ወለሉን አልነካም።